ከቴነሪፍ እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍል፦ ተግባብቶ የመሥራት ሙያ እንዴት ተገነባ

ማርች 27 ቀን 1977 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስፔን የካናሪ ደሴቶች፣ ቴነሪፍ ላይ የሚገኘው ሎስ ሮዴዮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከአቅሙ በላይ ተጨናንቆ ነበር። በጎረቤት ደሴት ባለው ማረፊያ ቦምብ በመፈንዳቱ ወደዚያ ያመሩ የነበሩ አውሮፕላኖች ወደ ሎስ ሮዴዮስ እንዲዞሩ ታዘዋል። ከእነዚህ መካከል የሆላንዱ ኬኤልኤምና የአሜሪካው ፓን አም ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ነበሩ። ከቀትር በኋላ ጭጋግ ወረደና የመቆጣጠሪያ ማማው መንደርደሪያውን ማየት ተሳነው፤ አብራሪዎቹም እርስ በርስ አይተያዩም። ሁሉም የቀራቸው በሬዲዮ የሚሰሙት ድምፅ ብቻ ሆነ። የኬኤልኤሙ ረዳት አብራሪ ለመነሳት መዘጋጀታቸውንም፣ መንደርደር መጀመራቸውንም ሊያመለክት የሚችል አሻሚ መልእክት በእንግሊዝኛ አስተላለፈ። ስፔናዊው ተቆጣጣሪ እሺታውን ከሰጠ በኋላ እንዲጠብቁ የጨመረው ትእዛዝና ፓን አም ገና መንደርደሪያው ላይ መሆኑን የገለጸበት መልእክት በአንድ ቅጽበት ተላኩ፤ ተደራርበውም በኬኤልኤሙ ሬዲዮ ላይ በፉጨት መሰል ድምፅ ተዋጡ። አውሮፕላኖቹ ተላተሙ፤ 583 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህም በሟቾች ብዛት የሚስተካከለው የአውሮፕላን አደጋ አልደረሰም።

መርማሪዎቹ የድምፅ ቅጂውን ሲያዳምጡ አንድ ትንሽ ጥያቄ አገኙ። ኬኤልኤም እየተንደረደረ ሳለ የበረራ መሐንዲሱ ፓን አም መንደርደሪያውን ለቆ እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ዋና አብራሪው እርግጠኛ በሆነ ድምፅ ለቋል ብሎ መለሰ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የጠየቀ አልነበረም። ዋና አብራሪው ተራ ሰው አልነበረም። የኩባንያው የ747 አብራሪዎች አሠልጣኝ ኃላፊ ነበር፤ ፎቶግራፉም በኩባንያው ማስታወቂያ ላይ ይታይ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠውን ረዳት አብራሪ ከሁለት ወር ገደማ በፊት ፈትኖ ለ747 ብቁ ነው ያለው እርሱ ራሱ ነው። በዚያ ጭጋግ ውስጥ ሆላንዳዊ፣ ስፔናዊና አሜሪካዊ ባለሙያዎች በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩ ነበር። ከእነርሱ ለአብዛኞቹ ደግሞ ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው አልነበረም። ሁሉም ሥራቸውን የሚያውቁ ነበሩ። የጎደላቸው አንዱ የሌላውን ንግግር በትክክል መረዳቱን የሚያረጋግጡበት ልማድ፣ እንዲሁም ዝቅተኛው ከፍተኛውን ደግሞ እንዲጠይቅ የሚያስገድድ ሥርዓት ነበር።

ከቴነሪፍ ወዲህ የሆነውን በቅደም ተከተል መተረክ የፈለግሁት ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ስለሚነገር አንድ ጉዳይ ስለሚያስተምረን ነው። ቋንቋቸው፣ አስተዳደጋቸውና የማዕረግ ልማዳቸው ከሚለያይ ሰዎች ጋር መሥራት መቻል ብዙውን ጊዜ እንደ ጨዋነት ወይም እንደ ተፈጥሮ ስጦታ ይታያል፤ አንዳንዱ ሰው ተግባቢ ሆኖ ይፈጠራል፣ ሌላው አይፈጠርም ይባላል። የአቪዬሽን ታሪክ የሚያሳየው ከዚህ የተለየ ነው። ይህ ችሎታ ልክ እንደ ማሽን ጥገና የሚማሩት፣ የሚለማመዱት፣ የሚፈተኑበትና በአሠራር የሚጸና ሙያ ነው። ሸክሙም ለእንግዳውና ለዝቅተኛው ብቻ የሚተው አይደለም። ሥልጣኑን የያዘውና ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነው ሰው የበለጠውን ድርሻ መሸከም አለበት።

ከቴነሪፍ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 28 ቀን 1978፣ የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ-8 አውሮፕላን በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ አቅራቢያ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ። ዋና አብራሪው የማረፊያ እግሩ ችግር አሳስቦት በሰማይ ላይ ሲዞር የበረራ መሐንዲሱ ነዳጁ እያለቀ መሆኑን ይጠቁመው ነበር፤ ጥቆማው ግን ለስለስ ያለ ነበርና ሰሚውን አላስደነገጠም። ከ189 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 10 ሞቱ። እዚህ ላይ ሁሉም አሜሪካውያን ነበሩ፤ በመካከላቸው የቋንቋ ግድግዳ አልነበረም። ግድግዳው ማዕረግ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዋና አብራሪዎች ማዳመጥን፣ የበታቾቻቸው ደግሞ አጥብቆ መናገርን እንዲማሩ አሳሰበ። በ1979 ናሳ በዚሁ ጉዳይ ላይ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዐውደ ጥናት አካሄደ፤ በ1981 ደግሞ ዩናይትድ ሲአርኤም ተብሎ የታወቀውን የበረራ ቡድን ሥልጠና ጀመረ። ዓላማው በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለውን ዕውቀት ሁሉ፣ ከማንኛውም ሰው ይምጣ፣ ለውሳኔ ማዋል ነበር።

ሥልጠናውን አብራሪዎች በእልልታ አልተቀበሉትም። ብዙ አብራሪዎች የፈገግታ ትምህርት ቤት ነው ብለው አናናቁት፤ የሥነ ልቦና ሰዎች ባሕርያችንን ሊለውጡ መጡ ያሉም ነበሩ። ተቃውሟቸው በከፊል እውነት ነበረው። የመጀመሪያዎቹ ኮርሶች ስለ ባሕርይ ዓይነት በሚወጡ ፈተናዎችና ከበረራ ጋር ግንኙነት በሌላቸው የክፍል ጨዋታዎች የተሞሉ ነበሩና። በኋላ ግን ሥልጠናው ወደ በረራ ማስመሰያው ገባ። ቡድኑ በአንድነት ችግር ተሰጥቶት ማን ምን እንዳለ፣ ማን ምን እንዳልሰማ በቪዲዮ እየታየ ይገመገም ጀመር። ትምህርቱ ስለ ሰዎች ጠባይ ከሚሰጥ ገለጻ ወጥቶ ሰዎች በሥራ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ወደሚፈትሽ ልምምድ ሲሸጋገር ፍሬ መስጠት ጀመረ።

ጁላይ 19 ቀን 1989 ያ ፍሬ ታየ። የዩናይትድ በረራ 232፣ ዲሲ-10 አውሮፕላን፣ የጭራው ሞተር ፈንድቶ ሦስቱንም የሃይድሮሊክ ሥርዓቶች በማጥፋቱ መሪው በሙሉ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። ዋና አብራሪው አል ሄይንስ በተሳፋሪነት ይጓዝ የነበረ አሠልጣኝ አብራሪ ወደ ኮክፒት ገብቶ የሁለቱን ሞተሮች ጉልበት እንዲቆጣጠር ፈቀደ። በኮክፒቱ የነበሩት አራቱም እየተመካከሩ፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ እየተቀበለ፣ አውሮፕላኑን በሞተር ጉልበት ብቻ እየመሩ አይዋ ግዛት ሱ ሲቲ አደረሱት። መሬት ሲነካ ተሰባበረ፤ ከ296 ሰዎች 112 ሞቱ፣ 184 ግን ተረፉ። በኋላ ሌሎች አብራሪዎች ተመሳሳዩን ብልሽት በማስመሰያ ሞክረው በደኅና ማሳረፍ አልቻሉም። ሄይንስ ከዚያ በኋላ በየአደባባዩ ሲናገር ለመትረፋቸው ያንኑ የቡድን ሥልጠና ያመሰግን ነበር። እርሱ እንዳስረዳው በቀድሞው ልማድ የዋና አብራሪው ቃል የመጨረሻ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ከሌሎቹ ይበልጥ መፍትሔውን የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረውም።

ሆኖም ይህ ድል በአንድ አገር፣ በአንድ ኩባንያ፣ በአንድ ቋንቋ ውስጥ የተገኘ ነበር። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ፣ ጃኑዋሪ 25 ቀን 1990፣ የተከሰተው አደጋ ጥያቄውን ወደ ዓለም አቀፍ መድረክ አወጣው። የኮሎምቢያው አቪያንካ በረራ 52 ከቦጎታ ተነስቶ ሜደሊን ላይ አርፎ ወደ ኒውዮርክ ሲደርስ በመጥፎ አየር ምክንያት ከአንድ ሰዓት በላይ በሰማይ ላይ እንዲቆይ ተደረገ። ነዳጁ ተሟጠጠ። ዋና አብራሪው እንግሊዝኛው ስላልበረታ ሬዲዮውን ለረዳቱ ትቶ ነበር። አደጋ ላይ መሆናችንን ንገራቸው ብሎ በስፓኒሽ አዘዘው፤ ረዳቱ ግን ለተቆጣጣሪዎቹ የተናገረው ቅድሚያ እንደሚፈልጉና ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ነበር። ለእርሱ ይህ በቂ ልመና ነበር። በኒውዮርክ የተጨናነቀ ሰማይ ለሚሠራ ተቆጣጣሪ ግን ነዳጁ የማያልቅበት አውሮፕላን የለም፤ እርሱን የሚያነቃው የአደጋ ጊዜ መሆኑን የሚያውጀው የተወሰነው ቃል ብቻ ነበር። ቃሉ አልተነገረም፤ ተቆጣጣሪዎቹም አጥብቀው አልጠየቁም። አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ ላይ ወድቆ ከ158 ሰዎች 73 ሞቱ። መርማሪዎቹ ዋናውን ጥፋት በአብራሪዎቹ ላይ ጥለው፣ ለነዳጅ እጥረት ሁሉም በአንድ ዓይነት የሚረዱት ቃል አለመኖሩንና የትራፊክ አመራሩ ጉድለት እንደነበረበትም መዘገቡ። በኖቬምበር 1996 ደግሞ ሕንድ ውስጥ ቻርኪ ዳድሪ ሰማይ ላይ የሳዑዲና የካዛኪስታን አውሮፕላኖች ተጋጭተው 349 ሰዎች ሲያልቁ ምርመራው የካዛኩን ቡድን የእንግሊዝኛ ድክመትና በመካከላቸው የነበረውን ቅንጅት ማጣት ከምክንያቶቹ መካከል ጠቀሰ።

ቀጥሎ የመጣው ምዕራፍ ከሁሉም ይበልጥ ያከራከረው ነው። ኦገስት 6 ቀን 1997 የኮሪያ አየር መንገድ በረራ 801 ጉዋም ላይ ሊያርፍ ሲል ኮረብታ መትቶ ከ254 ሰዎች 228 ሞቱ። ዲሴምበር 22 ቀን 1999 ደግሞ የዚሁ ኩባንያ የጭነት 747 ከለንደን ስታንስተድ እንደተነሳ ወድቆ አራቱም ሠራተኞች አለቁ። በሁለተኛው አደጋ የዋና አብራሪው የአውሮፕላኑን ዘንበል ማለት የሚያሳይ መሣሪያ ተበላሽቶ ነበር። የማስጠንቀቂያ ደወል ጮኸ፤ የበረራ መሐንዲሱም ዘንበል ማለቱን ተናገረ። ትክክለኛው መሣሪያ ፊት ለፊቱ የነበረው ወጣት ረዳት አብራሪ ግን አንዳች አልተናገረም፤ መሪውንም አልተቀበለም። ከዚህ በኋላ በዓለም ዙሪያ አንድ ቀላል ማብራሪያ ተስፋፋ፦ ኮሪያውያን ለታላቅ ያላቸው አክብሮት አውሮፕላን ይጥላል የሚል። በ2008 የወጣው የማልኮም ግላድዌል «አውትላየርስ» የተሰኘ መጽሐፍ ይህን ሐሳብ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ አንባቢዎች አደረሰው።

ይህ ማብራሪያ ግማሽ እውነት ስለያዘ በጥንቃቄ መመርመር አለበት። እውነት የሆነው ግማሹ የሥልጣን ርቀት፣ ማለትም በአለቃና በበታች መካከል ያለው ልዩነት የሚታይበት መጠን፣ ከአገር አገር መለያየቱ ነው። የሆላንዱ ምሁር ኼርት ሆፍስቴደ በአይቢኤም ሠራተኞች ከተሞሉ ከ100 ሺህ በላይ መጠይቆች ተነስቶ በ1980 ያሳተመው ጥናት፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሄልምራይክና ባልደረቦቹም በብዙ አገሮች አብራሪዎች ላይ ያካሄዱት ጥናት ይህን አሳይተዋል። ሐሰት የሆነው ግማሹ ባህልን ዕጣ ፈንታ ማድረጉ ነው። ሆላንዳውያን በሆፍስቴደ መለኪያ አለቃን በእኩልነት ከሚያዩት ወገን ናቸው፤ ነገር ግን በቴነሪፍ መሐንዲሱ አንዴ ጠይቆ ዝም አለ። በፖርትላንድ አጥብቀው ያልተናገሩት አሜሪካውያን ነበሩ። በጉዋም አደጋ ላይም ኦፊሴላዊው ዘገባ የጠቀሰው የዋና አብራሪውን የአቀራረብ ስሕተትና ድካም፣ የባልደረቦቹን በቅጡ አለመከታተል፣ የኩባንያውን ሥልጠና ማነስ፣ እንዲሁም የአሜሪካ ባለሥልጣናት በጉዋም የነበረውን የከፍታ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንዳይሠራ ማድረጋቸውን ነው። በሁሉም አገር የበታች ሰው ይፈራል፤ የሚለየው የፍርሃቱ መልክና መጠን ነው። ሰውን በአገሩ ባህል ፈርጆ መተው አደጋን አይከላከልም፤ ከዚያም አልፎ ሥልጠናና ድጋፍ የነፈገውን ኩባንያ ከተጠያቂነት ነፃ ያወጣል።

ከስታንስተዱ አደጋ በኋላ የብሪታንያ መርማሪዎች ያቀረቡት ምክር ከዚህ ይበልጥ ብልህ ነበር። ኩባንያው የቡድን ሥልጠናውን እንዲያሻሽል፣ ከውጭ የመጣውን የሥልጠና ይዘትም ለኮሪያ ባህል እንዲስማማ አድርጎ እንዲያዘጋጅ መከሩ። ቀጥተኛ ንግግር በለመዱ አሜሪካውያን የተዘጋጀ ኮርስ ሴኡል ላይ ሲነበብ ቃሉ ይደርሳል፣ ሥራው ግን አይደርስም ማለታቸው ነበር። ኩባንያው በ2000 ከዴልታ አየር መንገድ የመጣውን ዴቪድ ግሪንበርግን የበረራ ሥራ ኃላፊ አደረገ፤ ሥልጠናውን ከቦይንግ ጋር ለተያያዘ ድርጅት ሰጠ፤ የእንግሊዝኛ ብቃትን የሥራ መስፈርት አደረገ፤ የውጭ አገር አብራሪዎችንና ኮሪያውያንን በአንድ ኮክፒት አስቀመጠ። በ2006 «ኤር ትራንስፖርት ወርልድ» የተባለው መጽሔት ለለውጡ ሸለመው፤ ከ1999 ወዲህም ኩባንያው ሕይወት የጠፋበት አደጋ አልገጠመውም። ለውጡን ያመጣው ሥልጠናው ብቻ አይደለም፣ የመንግሥት ጫናና የሸሪክ አየር መንገዶች መሸሽም አለበት የሚል ተከራካሪ ሊነሳ ይችላል። እውነቱን ነው። ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል፦ ተግባብቶ የመሥራት ችሎታ የሚያድገው ቅጥር፣ ዕድገትና ቁጥጥር ሲደግፉት ነው። ብቻውን የተሰጠ የሦስት ቀን ኮርስ የትም አያደርስም። አብራሪዎቹም ኮሪያውያን መሆናቸውን አልተዉም፤ ታላቅን ማክበራቸውም አልቀረም። የተለወጠው ሥራ ላይ ሲሆኑ የሚከተሉት አሠራር ነው።

የቋንቋው ጥያቄም መልስ አገኘ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2003 ባጸደቀውና ከማርች 5 ቀን 2008 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች በስድስት ደረጃ በተከፈለ መለኪያ ቢያንስ አራተኛውን እንዲያሟሉ ግድ ሆነ። በዚህ ደንብ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነጥብ አለ። ድርጅቱ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆነ ባለሙያዎችም በሰፈር አነጋገርና በአገር ቤት ፈሊጥ እንዳይናገሩ፣ ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱና መልእክቱ መድረሱን እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል። ሌላው እንዲረዳኝ ማድረግ የእኔም ሥራ ነው የሚለው መርህ በዚህ ጸደቀ። የኒውዮርኩ አደጋም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ የኮሎምቢያው አብራሪ ቃሉን ሲስት አሜሪካዊው ተቆጣጣሪም መጠየቅ ነበረበት።

በዚያው በ2008 ትምህርቱ ከሰማይ ወደ ሆስፒታል ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀዶ ሐኪሙ አቱል ጋዋንዴ መሪነት ያዘጋጀው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር ወጣ። ከነጥቦቹ አንዱ ሐኪሙ፣ ሰመመን ሰጪውና ነርሶቹ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እንዲናገሩ ያዛል። ስሙን አንዴ በጉባኤው ፊት የተናገረ ነርስ በኋላ ስሕተት ሲያይ ለመናገር ይቀለዋል የሚል ነው መነሻው። ዝርዝሩ ከታንዛኒያ ኢፋካራ እስከ ማኒላ፣ ከአማን እስከ ቶሮንቶ በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች ተሞከረ። በ2009 የወጣው ውጤት ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ፣ የጤና መወሳሰብ ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱን አሳየ። ነገር ግን በ2014 በካናዳ ኦንታሪዮ ከ100 በላይ ሆስፒታሎች ላይ የተደረገ ጥናት ዝርዝሩ ከተደነገገ በኋላ የጎላ ለውጥ አላገኘም። ይህ ዝርዝሩን ለሚጠራጠሩ ጥሩ ማስረጃ መሰለ። እኔ የማነበው ግን እንደ ሲአርኤም የመጀመሪያ ዓመታት ነው፤ ልምምድና የአለቃ ፈቃደኝነት ሳይኖር ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ ብቻውን ሰውን አያናግርም።

በእኛ አካባቢ ለዚህ ሁሉ የሚቀርበው ተቃውሞ ምን እንደሚሆን አይጠፋኝም። ታላቅን ማክበር፣ ይሉኝታ፣ ቃልን መቆጠብ መልካም ልማዶቻችን ናቸው፤ ይህ ሥልጠና ልጆቻችንን አፍ ያስከፍታል የሚል ይኖራል። ዝም አይነቅዝም እያልን ያደግን ነንና ተቃውሞው ከልብ የሚነሳ ነው። ይሁንና ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውም የራሳችን ብሂል ነው። የአቪዬሽን ሥልጠናም ስድብ አያስተምርም። ረዳት አብራሪው አለቃውን በማዕረጉ ይጠራል፤ ያሳሰበውን ይናገራል፤ የሚያየውን ችግር ይገልጻል፤ መፍትሔ ያቀርባል፤ በመጨረሻም ተስማምተዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ «እርስዎ» እያሉ ሊደረግ ይችላል። አክብሮት በአነጋገሩ ይኖራል፣ መረጃው ግን አይቀርም። አለቃው ደግሞ አስቀድሞ ስሕተት ካያችሁ ንገሩኝ ብሎ በሩን ይከፍታል፤ ሲነገረውም አይቆጣም። እንዲህ ሲሆን መናገር የድፍረት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሥራ ግዴታ ይሆናል፤ የታዘዘውን የፈጸመ ሰው ደግሞ ባለጌ አይባልም።

ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ በአዲስ አበባ ከውጭ መሐንዲሶች ጋር የሚሠራ ባለሙያ፣ በዋሽንግተን ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ፣ በዱባይ ሆቴል የሚያገለግል ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣቸው ምክር ተግባቢ ሁኑ፣ ራሳችሁን አስማሙ የሚል ነው። የአራት ዐሥርት ዓመታቱ ታሪክ ምክሩ ጎዶሎ መሆኑን ይመሰክራል። አቪዬሽን ሰዎችን በባሕርያቸው ከመውቀስ ወጥቶ ቃላትን ወሰነ፣ የተነገረውን መልሶ መናገርን ግዴታ አደረገ፣ ቡድንን በአንድነት አሠለጠነ፣ አለቃን በማዳመጡ መዘነ፣ የአፍ መፍቻ ተናጋሪውንም ግልጽ ንግግር ጠየቀ። የተለያየ አገር ሰው የሚቀጥር መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህንኑ ማድረግ ይችላል፤ ገንዘቡም ጊዜውም ከአሠሪው መውጣት አለበት። ሠራተኛውም ቢሆን የማያውቀውን ቃል ለመጠየቅ፣ የሰማውን መልሶ ለማረጋገጥና ያየውን ስሕተት ለመናገር ሥልጠና የመጠየቅ መብት አለው። እንዲህ ያለውን ሥልጠና እንደ ቅንጦት የሚቆጥር ኃላፊ የሰማዩ ባለሙያዎች በመቶዎች ሕይወት የተማሩትን ትምህርት በራሱ ሠራተኞችና ደንበኞች ኪሳራ እንደገና ሊማረው ነው።